የዓሣ ትሪኮዲናን በዝርያ እንዴት እንለያለን?

ትሪኮዲና ዓሣ ላይ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚሽከረከር ጎማ ነው። ችግሩ ዘመዶቹም ሁሉ ጎማ መምሰላቸው ነው። እኔ መጀመሪያ በሕይወት እያሉ በመጠናቸው ብቻ ለይቼ ደብተሬ ላይ ሦስት ስም ጻፍኩ። ኋላ በሲልቨር ናይትሬት (በብር ጨው) አቅልሜ ሳያቸው ሦስቱም አንድ ሆነው አረፉት። ዝርያው የሚታወቀው ከሥሩ ባለው የጥርስ ቀለበት ነው።

ዓሣው በሕይወት ይምጣ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቆሮሶውን በራሱ ውሃ በባልዲ ማምጣት አይከብድም። ዓሣው ከሞተ ጥገኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ፊሌቶ ገዝታችሁ አትልፉ።

ከቆዳው፣ ከክንፉና ከስንጥቡ ዝልግልጉን ለየብቻ ፋቁና ስላይድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከየት እንደመጣ በእርሳስ ጻፉበት፤ ትሪኮዲኔላና ትሪፓርቲየላ የሚባሉት ዘመዶቹ በአብዛኛው ስንጥብ ላይ ነው የሚኖሩት። ከዚያ በአየር ይድረቅ። እሳት አታስጠጉት፣ ፎርማሊንም አታስነኩት።

አሁን ወደሚያናድደው እንምጣ። በደረቀው ስላይድ ላይ 2 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት አፍስሱና 8 ደቂቃ ያህል ተዉት። ጓንት አድርጉ፤ እኔ ሳላደርግ ቀርቼ ጣቶቼ ለሳምንት ጠቁረው ሰው ሁሉ "ምን ነካህ?" ሲለኝ ነበር። ቀጥሎ በዲስትልድ ውሃ እጠቡ። በዲስትልድ ውሃ ብቻ! አንድ ቀን ስላለቀብኝ "ምን ያመጣል" ብዬ የቧንቧ ውሃ ተጠቀምኩ። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ተያይዞ ነጭ እርጎ ሠራ፤ 14 ስላይድ ገደል ገባ። የባትሪ ውሃ ይሆናል የሚሉም አሉ። እኔ አላምነውም።

የታጠበውን ስላይድ ዲስትልድ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን አስተኝታችሁ ፀሐይ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። ቡናማ ሲሆን አውጡት። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ደሴ ውስጥ ይህ አይታሰብም። አልትራቫዮሌት አምፖል ያለው በዚያ ይገላገላል። እኔ የደረቁትን ስላይዶች በካርቶን ይዤ ፀሐይ ፍለጋ በሚኒባስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

በ100 ሌንስና በዘይት ተመልከቱ። እያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ክፍል አለው፦ ወደ ውጭ የወጣ ምላጭ፣ መሃሉ፣ ወደ ውስጥ የሚያመለክት እሾህ። ከቀለበቱ እምብርት ተነስታችሁ በጎን ለጎን ሦስት ጥርሶች ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሳሉ። ምላጩ ማጭድ ነው ወይስ ሰፊ? እሾኹ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያዘነብላል? የመሃሉ ጫፍ ጎረቤቱ ውስጥ ምን ያህል ይገባል? ሥዕሉን በእጃችሁ ሳሉ፤ ፎቶ ብቻውን ያሰንፋል።

የቀለበቱ እምብርትም ብዙ ይናገራል። ትሪኮዲና አኩታ መሃሉ ላይ ጠርዙ የለየ፣ ብር ያልያዘው ክብ አለው። ትሪኮዲና ሴንትሮስትሪጌታ ደግሞ እምብርቱ ላይ ሰንበር የመሰሉ መስመሮች አሉት። ትሪኮዲና ሄትሮደንታታ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የጥርሱ ቅርጽ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ወገኑን (ጂነሱን) ለመለየት ወደ አፉ የሚዞረውን የፀጉር ጥምዝ ተመልከቱ፦ ትሪኮዲና ላይ ሙሉ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ይላል፣ ትሪኮዲኔላ ላይ ዙሩን አይሞላም።

ቢያንስ 20 ያህሉን ለኩ። ሁለት ቀለበት ያለው ካገኛችሁ አዲስ ዝርያ መስሏችሁ አትደሰቱ። ገና አሁን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የውስጠኛው አሮጌው ቀለበት ይጠፋል። ከቆጠራው አውጡት።

ጥርሱ ጥርት ብሎ ካልወጣ "ትሪኮዲና፣ ዝርያው ያልተለየ" ብላችሁ ጻፉ። የኔ ደብተር ግማሹ እንዲህ ነው።