ጀርመን ውስጥ የወሰዱትን ብድር ከጊዜው በፊት መዝጋት፦ ከጎንደር ለመጡ

ዕቁብ የለመደ ሰው ስለ ባንክ ብድር አንድ ነገር ያስተውል። ቅዳሜ ገበያ ባለ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን ባንድ ጊዜ ቢከፍል የሚቀነስለት ነገር የለም፤ ወለድ የለበትምና። የባንክ ብድር ግን ወለዱ የሚቆጠረው ገንዘቡ እናንተ ዘንድ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 500 ሙሉውንም ሆነ ከፊሉን በማንኛውም ጊዜ እንድትመልሱ ይፈቅዳል፤ ያልደረሰው ወለድ አይከፈልም። ገንዘቡ ለመኪና ይዋል ወይም አዘዞ የተጀመረውን የቤተሰብ ቤት ለማስጨረስ፣ መብቱ ያው ነው። በቤት ወይም በመሬት ዋስትና የተወሰደ ብድር ግን ሌላ ደንብ አለው።

ወለዱ ቋሚ ከሆነ አበዳሪው ማካካሻ ሊጠይቅ ይችላል። ጣሪያው በሕግ የተወሰነ ነው፦ ውሉ ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ከቀረው ቀድሞ ከተከፈለው ገንዘብ 1 በመቶ፣ አለዚያ 0.5 በመቶ። እስከ ውሉ ማብቂያ ትከፍሉት ከነበረው ወለድም ሊበልጥ አይችልም። 4,000 ዩሮ ዕዳ በ8 በመቶ ወለድ 18 ወር ቀረው እንበል። በየወሩ ብትከፍሉ ወለዱ ወደ 258 ዩሮ ይደርሳል፤ ዛሬ ብትዘጉት ማካካሻው ቢበዛ 40 ዩሮ ነው። ስለዚህ ማካካሻ አለ ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ አስሉት። ውሉ የማካካሻውን አሰላል በበቂ ሁኔታ ካልገለጸ ደግሞ አበዳሪው ጭራሽ መጠየቅ አይችልም። ያለ ወለድ በተሸጠ ዕቃ ላይ ግን መቸኮል ምንም አያተርፍም።

አካሄዱ ይህ ነው። የምትከፍሉበትን ቀን ጠቅሳችሁ «አብሎዘዙመ»፣ ማለትም የመዝጊያ ሂሳቡን፣ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ቀሪውን ዋና ገንዘብ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ወለድና ማካካሻውን ለይቶ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ድጋሚ ጻፉ። የውል ቁጥሩን በማስተላለፊያው ላይ አስፍሩ።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። መዝጊያው ሳይረጋገጥ ወርሃዊ ክፍያውን የሚያቆም ሰው ውዝፍ ይመዘገብበታል፤ ውዝፉ የሰዎችን የብድርና የክፍያ ታሪክ ከሚመዘግበው ድርጅት፣ ከሹፋ፣ ከደረሰ ቤት መከራየት እንኳ ይከብዳል። ስለዚህ ማረጋገጫው እስኪመጣ አታቋርጡ፤ ትርፍ ከተቆረጠ ይመለሳል። ከፊሉን ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ወርሃዊው መጠን ሳይሆን ጊዜው እንዲያጥር ጠይቁ፤ ወለድ በይበልጥ የሚቀንሰው እሱ ነው። ከብድሩ ጋር የተገዛ ኢንሹራንስ ብድሩ ስለተዘጋ ብቻ የሚቋረጥ እንዳይመስላችሁ፤ ለኢንሹራንሱ ለብቻው ጽፋችሁ የቀሪውን ጊዜ አረቦን አስመልሱ።

ሂሳቡ ካልጣማችሁ በየክፍለ ሀገሩ ያለው የሸማቾች ማዕከል፣ ፌርብራውኸርጸንትራለ፣ ይመረምርላችኋል። ለመኪና የተወሰደ ብድር ከሆነ ደግሞ አበዳሪው በመያዣነት ያስቀመጠውን የመኪናውን ደብተር ተቀበሉ፤ እሱ በእጃችሁ ሳይገባ መኪናውን ለመሸጥ አትዋዋሉ።