ዲሲ ውስጥ ከሚኒመም ዌጅ በታች ሲከፈልዎ

አሠሪውን ከማነጋገርዎም ሆነ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ሒሳቡን ይጨርሱ። «ደሞዜ ትንሽ ነው» የሚል ሰው ብዙ ሰሚ አያገኝም። «በዚህ ሳምንት 333 ዶላር ከ40 ሳንቲም ጎድሎብኛል» የሚል ሰው ግን መልስ ይሰጠዋል።

ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ (ሚኒመም ዌጅ) ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 17.50 ነበር። በየዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚስተካከል እያንዳንዱን ሳምንት በጊዜው ዋጋ ያስሉ። የሚቆጠረው የሚሠሩበት ቦታ ነው፣ የሚኖሩበት አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ዩ ስትሪት ላይ የሚሠሩ ከሆነ የዲሲው ሒሳብ ይመለከትዎታል። ሥራዎ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ግን የቨርጂኒያው ነው፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77። ሜሪላንድ 15 ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ የራሱ አለው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በቁርጥ ክፍያ ነው። «በሳምንት 600 እሰጥሃለሁ» ሲባል ደህና ይመስላል፤ ሰዓቱ ሲቆጠር ነው ጉዱ የሚወጣው። 48 ሰዓት የሚሠራ ምግብ አብሳይ በዚህ ክፍያ በሰዓት 12.50 ብቻ ያገኛል። የሚገባው ግን የመጀመሪያዎቹ 40 ሰዓታት በ17.95፣ ማለትም 718 ዶላር፣ ቀሪዎቹ 8 ሰዓታት ደግሞ በአንድ ተኩል እጥፍ 215.40፣ በድምሩ 933.40 ነው። በ26 ሳምንት 8,668.40 ዶላር ቀረበት ማለት ነው። «አንተ እኮ ሳላሪ ነህ፣ ኦቨርታይም የለህም» የሚለው መልስ ለምግብ አብሳይና ለሳህን አጣቢ አይሠራም። ሁለት ሳምንት አዳምሮ መቁጠርም አይቻልም፦ አንዱን ሳምንት 50፣ ሌላውን 30 ሰዓት ከሠሩ የ10 ሰዓት ኦቨርታይም አለዎት።

አስተናጋጆች መነሻ ክፍያቸው ዝቅ ሊል ይችላል። ይሁንና መነሻውና ቲፑ ተደምረው፣ በሳምንቱ አማካይ ሲሰላ፣ ሙሉው ሚኒመም ዌጅ ካልሞላ የጎደለውን የሚሞላው አሠሪው ነው። ባለቤቱ ወይም ማናጀሩ ከሠራተኛው ቲፕ ለራሱ መውሰድ አይችልም። የ«ሥልጠና» ቀናትም ሥራ ናቸው፣ ይከፈላሉ። ከመክፈቻ በፊት ወንበር የሚያወርዱበትና ሽንኩርት የሚከትፉበት ሰዓትም እንደዚሁ። 1099 የሚባለው የኮንትራክተሮች የታክስ ፎርም ስለተሰጠዎ ብቻ ኮንትራክተር አይሆኑም፤ ሰዓቱንና አሠራሩን የሚወስነው አሠሪው ከሆነ ሠራተኛ ነዎት።

ማስረጃውን ዛሬውኑ መሰብሰብ ይጀምሩ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የተቀበሉትን ገንዘብና በካሽ ይሁን በቼክ በየዕለቱ ይጻፉ። በአንድ ቀን ተቀምጦ ከትዝታ የተሞላ ደብተር ያስታውቃል፤ ቀለሙም እጅ ጽሑፉም አንድ ዓይነት ነው። በግድግዳ የተለጠፈውን ስኬጁል በየሳምንቱ ፎቶ ያንሱ። «ነገ በ9 ና» የሚሉ ቴክስቶችን አያጥፉ። አሠሪው የሰዓት መዝገብ የመያዝና ዝርዝር ያለው የክፍያ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን ካላደረገ የእርስዎ ደብተር ክብደቱ ይጨምራል።

ከዚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ባለቤቱን «ጋሼ» እያሉ የሚጠሩ ከሆነ እንደዚያው ይጀምሩ፤ አክብሮቱ ጥያቄውን አያሳንሰውም። «ጋሼ፣ ከኦክቶበር 5 እስከ 11 ባለው ሳምንት 48 ሰዓት ሠርቼ የተከፈለኝ 600 ነው። በዲሲ ሕግ 933.40 ይሆናል። ልዩነቱን 333.40 እስከ መጪው ዓርብ እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ።» ይበቃል። ስድብና ዛቻ አይጨምሩበት፣ በኋላ የሚነበበው ይኸው ጽሑፍ ነው። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ከሄደም ይሂድ፣ ግን ሽምግልና የአቤቱታ ጊዜውን አያስቆምም። በዲሲ አቤቱታ ለማቅረብ ያለዎት ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፣ በየሳምንቱም ከሁሉ የቆየው ሳምንት ጊዜው እያለፈበት ይሄዳል።

ካልከፈለ በዲሲ የሥራ ቅጥር አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዲ.ኦ.ኢ.ኤስ.»፣ ሥር ላለው የዌጅ-አወር (የደሞዝና የሥራ ሰዓት) ቢሮ ክሌም፣ ማለትም አቤቱታ፣ ያስገቡ። የድርጅቱን ትክክለኛ ስም፣ አድራሻ፣ የባለቤቱን ስምና ሳምንት በሳምንት ያሰሉትን ሒሳብ ይያዙ። በር ላይ የተጻፈው የሬስቶራንት ስምና በቼኩ ላይ ያለው የካምፓኒ ስም ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ ሁለቱንም ያስመዝግቡ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያሰጥዎታል፣ ልጅዎን ይዘው መሄድ አያስፈልግም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም ሰው ለሠራበት መጠየቅ ይችላል። ሥራው ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ከሆነ የፌዴራሉ የዌጅ-አወር ቢሮ ስልክ 1-866-487-9243 ነው፤ ግን የፌዴራሉ ወለል 7.25 ብቻ መሆኑንና መደበኛ ጊዜውም ሁለት ዓመት መሆኑን ይወቁ። ስለዚህ የክፍለ ግዛቱን ቢሮም ይጠይቁ።

በዲሲ ካሳው ከተከለከለው ደሞዝ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ቶሎ ቼክና የሚፈረም ወረቀት ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ላይ ሳያስነብቡ አይፈርሙ። ክሌም ካስገቡ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ቢያባርርዎ ወይም ሰዓት ቢቀንስብዎ ሕጉ እንደ በቀል ይገምተዋል፣ ማስተባበሉም የእሱ ሸክም ይሆናል። የተባረሩበትን ቀንና የተባለዎትን ቃል በዚያው ደብተር ይጻፉ። ስልክ ወይም አድራሻ ሲቀይሩ ደግሞ ለቢሮው ያሳውቁ፤ መርማሪው ደውሎ ካጣዎት ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።