ካርቦፕላቲን አለርጂ ካስነሳ በኋላ ሕክምናውን ለመቀጠል የሚደረግ ምርመራ

ካርቦፕላቲን ለእንቁላል ማምረቻ (ለኦቫሪ) ካንሰር በሰፊው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አለርጂው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰውነት መድኃኒቱን ደጋግሞ ካገኘ በኋላ ነው። ስድስት ዙር በሰላም የጨረሰች ታካሚ፣ ሕመሙ አገርሽቶ እንደገና ስትጀምር መዳፏን ያሳክካታል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ያኔ መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ መተውም ሆነ «ቀስ ተብሎ ይሰጣት» ብሎ መድገም አይገባም። መጀመሪያ ትመርመር።

ሥራው የሚጀምረው ያኑ ዕለት ነው። ታካሚዋ ስትረጋጋ አስታማሚው ይጻፍ፦ ስንተኛው ዙር ነበር? መድኃኒቱ መግባት በጀመረ በስንት ደቂቃ? መጀመሪያ የታየው ምንድን ነው? የደም ግፊቷስ? ሽፍታውንም በስልክ ፎቶ አንሱት። ይህን ማስታወሻ አደራ አትናቁት። አብሮ የሚሰጠው ሌላው የካንሰር መድኃኒት፣ ፓክሊታክሰል፣ አለርጂ የሚያስነሳው ባብዛኛው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ ገና በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ጥፋተኛውን የሚለየው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ በፊት የተደረገ ምርመራ አለርጂው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። እንደ ሴትሪዚን ያሉ ፀረ አለርጂ መድኃኒቶች ከምርመራው አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብለው በሐኪም ትእዛዝ ይቆማሉ። አቴኖሎልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ድንገት አድሬናሊን (የከባድ አለርጂ መድኃኒት) ቢያስፈልግ በደንብ ላይሠራ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ምርመራው አድሬናሊን በተዘጋጀበት ሆስፒታል ይደረጋል። ክንድ ላይ የካርቦፕላቲን ጠብታ ይደረግና ቆዳው በቀጭን መርፌ ጫን ተደርጎ ይነካል፤ ከጎኑ ለማነጻጸሪያ ሂስታሚን (ቆዳን የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር) እና ኖርማል ሳላይን (ቆዳን የማያሳብጥ የጨው ውሃ) ይደረጋሉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠብቆ ምንም ካልታየ፣ የቀጠነ መድኃኒት ቆዳው ውስጥ በትንሹ ይወጋል፤ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ። ከሳላይኑ ቢያንስ በ3 ሚሊሜትር የበለጠ እብጠት ከነመቅላቱ ከወጣ አለርጂ አለ ማለት ነው። ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን የተባሉት ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ግን ሥጋ ስለሚያቆስሉ በፍጹም እንዲህ ቆዳ ውስጥ አይወጉም።

አለርጂው ቢረጋገጥም መንገዱ አልተዘጋም። መድኃኒቱ እጅግ ቀጥኖ ተጀምሮ በየ15 ደቂቃው እየተጨመረ ይሰጣል፤ በብዛት የሚሠራበት ባለ 12 እርከን አሰጣጥ 6 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰውነት መድኃኒቱን በዚህ መንገድ የሚችለው ግን ለዚያ ዙር ብቻ ስለሆነ በየዙሩ እንደ አዲስ ይደገማል። «የለም» ቢባልም ውጤቱ በኋላ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከሚቀጥሉት ዙሮች በፊት ምርመራው ይደገም እንደሆነ ጠይቁ። ሆስፒታል ከቀየራችሁም የምርመራውን ውጤት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።