ሞተሯ ለተቀየረ አሮጌ መኪና የማርሚታ ቱቦ ስፋት እንዴት ይመረጣል?

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለታገደ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ማደስ ዛሬ ያዋጣል። ፊያት 124 ወይም ላዳ ያለው ሰው የደከመውን ሞተር አውርዶ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገኘውን የቶዮታ ሞተር ይጭናል። ስለ ማርሚታው፣ ማለትም ስለ ጭስ ማውጫው፣ የሚታሰበው ግን መጨረሻ ላይ ነው። በያጁ “ስንት ኢንች ላድርገው?” ሲል፣ መልሱ “ሰፋ ይበል” ይሆናል። ወይም የድሮው ቱቦ እንዳለ ይቀጠላል። ሁለቱም አያስኬዱም።

1. የሞተሩን ጉልበት እወቁ

የሞተሩ ኮድ ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ላይ ተመትቷል። ዘይቱንና አቧራውን ጠርጉና አንብቡት። ሊትሩን ብቻ አትመኑ፤ ሁለት ሞተሮች እኩል 1.6 ሊትር ሆነው አንዱ ባለ ካርቡራተር፣ አንዱ ባለ ኢንጀክሽን ከሆነ ጉልበታቸው ይለያያል። የምትፈልጉት ፋብሪካው ለዚያ ኮድ የሰጠውን የፈረስ ጉልበት ነው።

2. አስሉ

ጥሩ መነሻ የሚሆነው ሒሳብ ይሄ ነው፦ ለእያንዳንዱ 8 የፈረስ ጉልበት አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ ውስጥ ስፋት። ሞተራችሁ 105 የፈረስ ጉልበት አለው እንበል። 105ን ለ8 ስናካፍል 13 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህን በ1.27 አባዙና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ የውስጡ ዲያሜትር 4.1 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 41 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጩ 44 ነው፤ 1¾ ኢንች ማለት ነው። በቃ።

የፊያት 124 የመጀመሪያ ባለ 1.2 ሊትር ሞተር ግን 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ለእሱ 31 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። አዲሱን ሞተር በዚያ ቱቦ ብታስተነፍሱት ዙር ሲጨምር ይታፈናል፣ ይሞቃል።

“አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ቱቦው ይስፋ” የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የፋብሪካው ቁጥር ግን የተለካው ለባሕር ጠለል ነው። በእሱ ካሰላችሁ መጠባበቂያው ቀድሞውኑ ውስጡ አለ።

ሰፊ ቱቦ ምን ያበላሻል? ጭሱ ውስጡ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ፍጥነቱን ያጣል። ከአንዱ ሲሊንደር በፍጥነት የሚወጣው ጭስ የሚቀጥለውን ስቦ ያወጣል፤ ፍጥነቱ ሲጠፋ ያ እርዳታ ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚታወቀው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በሰልፍ ስትንፏቀቁ የምትነዱበት ዙር ማለት ነው። በዚያ ላይ ጩኸቱ አለ፣ ስፒድ ብሬከር ላይ መጋጨቱ አለ። “ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል” የሚባለውም እውነት አይደለም። ሞተር የሚወደው የጭሱን ፍጥነት ነው።

3. ጠባቡን ቦታ ፈልጉ

እኔ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ትክክለኛ ቱቦ ተገዝቶ ማጠፊያው ላይ ከተጨፈለቀ፣ የከፈላችሁት ለጠባቡ ቦታ ነው። በያጁ አጥፎ ሲያመጣላችሁ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አውጡና እጥፋቱን በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ከሄደ አትቀበሉት። ማጠፊያ ማሽን ከሌለ ቱቦውን በሰያፍ እየቆረጡ ደረጃ በደረጃ መበየድ ከመጨፍለቅ ይሻላል። የብየዳው ትራፊ ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠል በጣታችሁ ፈትሹ። የማርሚታው ሣጥን መግቢያም ከቱቦው መጥበብ የለበትም።

የውሃ ቱቦ ርካሽ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። “1½ ኢንች” የሚባለው የውሃ ቱቦ ውጩ 48 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙና ልኩ አይገናኙም። ብረቱም ወፍራምና ከባድ ነው። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል።

4. መንገዱን ያዙ

ከሌላ መኪና የመጣ ሞተር የጭስ መውጫው በመሪው ዘንግ በኩል ሊሆን ይችላል። ከነዳጅና ከፍሬን መስመር አርቁት። በላስቲክ አንጠልጥሉት እንጂ ከቦዲው ጋር አትበይዱት፤ ሞተሩ ሲነቃነቅ ይሰነጥቀዋል። ጫፉ ከቦዲው ውጭ ይውጣ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ይገድላል።

5. ሞክሩ

ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ቀጥሎ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጡ፤ ዳገቱ ጥሩ መፈተኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ጎትቶ ዙር ሲጨምር ከደከመ፣ መታፈን ሊኖር ይችላል። ለማረጋገጥ ማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹን ጭስ የሚሰበስበው ክፍል) አጠገብ የግፊት ጌጅ አስገጥሙ። መኪናው ቆሞ በደቂቃ በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር በላይ ካነበበ፣ የሆነ ቦታ ጠቧል። ወደ ተራ ቁጥር 3 ተመለሱ።

ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ የማኒፎልዱን ቡሎኖች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጥብቁ። አዲስ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው እንዳያፈስ መሃል የሚገባው) በሙቀት ስለሚቀመጥ ይላላሉ።