ሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን ስናያይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ተገጣጥመው «ፋንቦይስ» የሚባሉትን እነዚህን 7 አያያዥ ቃላት ሃይስኩል የገባ ሁሉ ያውቃቸዋል። «ክፍት ቦታውን ሙሉ» ሲባልም በደንብ ይሞላል። ባዶ ወረቀት ተሰጥቶት «ስለ ሰፈርህ አንድ አንቀጽ ጻፍ» ሲባል ግን ነገሩ ይበላሻል። ሐሳቡ አለ፣ ቃላቱም አሉ፤ አልጋጠም ያሉት ዓረፍተ ነገሮቹ ናቸው።

እኔ እንደማየው የአብዛኛው ስህተት ምንጭ አንድ ነው። አማርኛ ሐሳብ የሚያያይዝበት የራሱ መንገድ አለው። እኛ ደግሞ ያንኑ ይዘን እንግሊዝኛው ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ ስህተቶቹን ሳነሳ አማርኛው ምን እንደሚያደርግም አብሬ አሳያለሁ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው፤ ስህተቱን ጆሮ ቶሎ ይለየዋል።

ለመግባባት ያህል፦ ሲምፕል ሴንተንስ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ኖሮት ብቻውን የሚቆም ዓረፍተ ነገር ነው። ኮምፓውንድ ሴንተንስ የሚባለው እንዲህ ያሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እኩል ሆነው ሲያያዙ ነው። «እኩል» የምትለዋን ያዙልኝ።

ቦዝ አንቀጽን ወደ እንግሊዝኛ ይዞ መግባት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በአማርኛ «ፊቱን ታጥቦ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሥራ ገባ» እንላለን። ድርጊቱ አራት ነው፣ ማሰሪያው ግን አንድ። «ታጥቦ»፣ «ይዞ»፣ «ተሳፍሮ» ቦዝ አንቀጽ ናቸው፤ ድርጊቱ መቼ እንደሆነ በራሳቸው አይነግሩንም። ጊዜውን የሚነግረን መጨረሻ ላይ ያለው «ገባ» ነው። «ገባ»ን አንስታችሁ «ይገባል» ብትሉ ፊተኞቹ ሦስቱ ምንም ሳይለወጡ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ዘወትር ልማዱ ይሆናል። የመጨረሻው ግስ የሁሉንም ሸክም ይሸከማል ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ይህ አይሠራም። ተማሪው ግን ሳያውቀው እንዲህ ይጽፋል፦ «ዘ ሬን ስቶፕ, ኤንድ ዊ ዌንት አውት»። በልቡ «ዝናቡ አባርቶ ወጣን» እያለ ነው። «ዌንት» ያለፈ ጊዜ ስለሆነ የፊተኛውንም ይሸፍንልኛል ብሎ ያስባል። አይሸፍንለትም። «ዘ ሬን ስቶፕድ, ኤንድ ዊ ዌንት አውት» መባል አለበት። እያንዳንዱ ግስ የራሱን ጊዜ ራሱ ይይዛል።

ሌላው መልኩ «ሂ ዋሺንግ ሂዝ ፌስ, ኤንድ ሂ ዌንት ቱ ወርክ» የሚለው ነው። እዚህ «ታጥቦ» የሚለውን በ«ኢንግ» ለመተካት ተሞክሯል። «ዋሺንግ» ግን ያለ ረዳት ግስ ማሰሪያ መሆን አይችልም። ትክክሉ «ሂ ዋሽድ ሂዝ ፌስ, ኤንድ ሂ ዌንት ቱ ወርክ» ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አያያዡን ቃል በጣታችሁ ሸፍኑት። ግራና ቀኝ የቀሩትን ለየብቻ፣ በመሃል ረዘም ያለ ትንፋሽ ወስዳችሁ አንብቧቸው። «ዘ ሬን ስቶፕ።» ይህ ብቻውን ይቆማል? አይቆምም። እንግዲያው ቢያያዝም ያው ነው። ይህን ልማድ የያዘ ሰው ከዚህ በታች የማነሳቸውን ግማሽ ያህሉን ራሱ ያርማቸዋል።

ባለቤቱን መዘንጋት

«ደወልኩላት፣ አላነሳችም።» ሁለት ቃል፣ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር። አማርኛ ማን እንደደወለና ማን እንዳላነሳ በግሱ ውስጥ ጨርሶ ይናገራል። ለብቻው «እኔ» ወይም «እሷ» ማለት አያስፈልግም።

አሁን ይህንን እዩ፦ «አይ ኮልድ ኸር, በት ዲድ ኖት አንሰር»። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚገባው «ደወልኩላት፣ ግን አልመለስኩም» የሚል ነገር ነው። ከ«በት» በኋላ ባለቤት ስለሌለ የፊተኛው «አይ» ተሻግሮ የሁለተኛውም ባለቤት ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ የተሰበረ አይመስልም፤ የሚናገረው ግን ሌላ ታሪክ ነው። «ሺ» የምትለው አንዲት ቃል ስትገባ ሁሉም ይስተካከላል፦ «አይ ኮልድ ኸር, በት ሺ ዲድ ኖት አንሰር»።

ባለቤቱ አንድ ሰው ከሆነስ? «አይ ኮልድ ኸር ኤንድ ዌይትድ» ብትሉ ስህተት የለውም። ደወልኩላትና ጠበቅኩ ማለት ነው። ግን ይህ ኮምፓውንድ አይደለም፤ ሁለት ግስ ያለው ሲምፕል ሴንተንስ ነው። ኮማም አያስፈልገውም። «አበበ ኤንድ ጫላ ኬም» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ግስ መጣ። «ኤንድ» ያለበት ሁሉ ኮምፓውንድ የሚመስላቸው ተማሪዎች ምርጫ ጥያቄ ላይ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

አንድ ሥራ ለሁለት አያያዥ መስጠት

«ምንም እንኳ ዝናብ ቢሆንም ግን ወጣን።» በአማርኛ «ምንም እንኳ» አለ፣ «ቢሆንም» አለ፣ «ግን»ም ተጨምሯል። ስንነጋገር ማንም አይከፋውም። ከዚህ የሚወለደው እንግሊዝኛ «ኦልዞው ኢት ዋዝ ሬኒንግ, በት ዊ ዌንት አውት» ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ብዙ አንባቢ ከተማረ ሰው የሚጠብቀውም አይደለም።

እንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለማያያዝ የሚፈልገው አንድ አያያዥ ብቻ ነው። ወይ «ኦልዞው»ን አውጡና «ኢት ዋዝ ሬኒንግ, በት ዊ ዌንት አውት» በሉ። ወይ «በት»ን አውጡና «ኦልዞው ኢት ዋዝ ሬኒንግ, ዊ ዌንት አውት» በሉ። የመጀመሪያው ኮምፓውንድ ነው። ሁለተኛው ኮምፕሌክስ ይባላል፤ ምክንያቱም «ኦልዞው» የገባበት ክፍል ብቻውን መቆም ተስኖታል፣ እኩልነቱ ቀርቷል።

«ቢኮዝ አይ ዋዝ ታየርድ, ሶ አይ ስሌፕት» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። «ስለደከመኝ፣ ስለዚህ ተኛሁ» እንደ ማለት ነው። ከ«ቢኮዝ» እና ከ«ሶ» አንዱን ምረጡ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ካላችሁ ሁለት አያያዥ፣ ሁለት ካላችሁ አንድ። በዚህ ቁጥሩት።

ኮማን ከአቅሟ በላይ ማሠራት

እኛ ነጠላ ሰረዝን በልግስና እንጠቀምበታለን። ከላይ የጻፍኩት «ደወልኩላት፣ አላነሳችም» በነጠላ ሰረዝ ተያይዞ ምንም አልጎደለውም። እንግሊዝኛ ላይ ግን «አይ ኮልድ ኸር, ሺ ዲድ ኖት አንሰር» ማለት አይቻልም። ኮማ ብቻዋን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የመያዝ አቅም የላትም። ይህ ስህተት «ኮማ ስፕላይስ» ይባላል። ኮማዋንም ትቶ በባዶው ማስከተል ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ሦስት ነው። በፉል ስቶፕ መለየት፤ ከኮማው በኋላ አያያዥ ቃል መጨመር፤ ወይም ሴሚኮለን መጠቀም። ሴሚኮለን ብዙ ሰው ይፈራል። እኛ ግን ድርብ ሰረዝ እያለን ምን ያስፈራናል? አማርኛ ላይ ሁለት የተቀራረቡ ሙሉ ሐሳቦችን በ«፤» የምታያይዙበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሴሚኮለንም የሚገባበት ነው።

ኮማዋ የት እንደምትቀመጥም እንይ። «ነገር ግን፣» ብለን ከቃሉ በኋላ ሰረዝ ማድረግ ለምደናል። ስለዚህ «ሂ ኬም በት, ሂ ዲድ ኖት ስቴይ» እንጽፋለን። ቦታዋ ከ«በት» በፊት ነው፦ «ሂ ኬም, በት ሂ ዲድ ኖት ስቴይ»። ሁለቱም ወገን በጣም አጭር ከሆነ ኮማዋን መተው ይፈቀዳል። በፈተና ላይ ግን ባትተዋት እመክራለሁ።

«ሃውኤቨር»ን እንደ «በት» መቁጠር

አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው «በት» የልጅ ቃል ይመስለዋል። በየቦታው «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» ይተክላል፦ «ሂ ስተዲድ ሃርድ, ሃውኤቨር ሂ ፌይልድ»። ይህም ኮማ ስፕላይስ ነው። «ሃውኤቨር» አያያዥ ሳይሆን ተውሳከ ግስ ነው። ከፊቱ ሴሚኮለን ወይም ፉል ስቶፕ፣ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል፦ «ሂ ስተዲድ ሃርድ; ሃውኤቨር, ሂ ፌይልድ»።

መለያው ቃሉን ማንቀሳቀስ ነው። «ሃውኤቨር» ወደ መጨረሻ ሄዶ «ሂ ፌይልድ, ሃውኤቨር» መባል ይችላል። «በት»ን እንዲህ አድርጉ እስኪ፤ እምቢ ይላል። እውነተኛ አያያዥ ከመሃል አይነቃነቅም።

የአይኤልትስ ጽሑፍ በ4 እኩል መመዘኛዎች ይታረማል፤ አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል መጻፍ አለባችሁ፤ የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በዚያ ጥድፊያ መሃል በትክክል የተቀመጠ «በት» በተሳሳተ ቦታ ከተቀመጠ «ሃውኤቨር» እጅግ ይሻላል።

ሁሉንም በ«ኤንድ» መስፋት

«አበበ በሶ በላ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ።» ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ሰዋስው ብቻ ካያችሁ በ«ኤንድ» ማያያዝ ይቻላል። ግን አበበና ጫላን ምን አገናኛቸው? ማያያዝ የሚገባው በሐሳብ የሚዛመደውን ነው።

ዝምድናው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ አያያዡ ነው። «ሺ ኢዝ ያንግ» እና «ሺ ኢዝ ዘ ማናጀር» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉን እንበል። በ«ኤንድ» ካያያዝናቸው ስለ እሷ ሁለት ነገር ነገርናችሁ፣ በቃ። በ«በት» ካያያዝናቸው ወጣትነትና ሥራ አስኪያጅነት አብረው አይሄዱም የሚል ግምት ገባ። «የት» ስንል ደግሞ «ይገርማል እኮ» እንደ ማለት ነው። የሴትዮዋ ሁኔታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጸሐፊው አስተያየት ነው። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ምን ማለት እንደፈለጋችሁ ቁርጡን እወቁ።

አማርኛው «ና» እዚህ ያሳስተናል። «ደክሞኛልና ልተኛ» ስንል «ና» ምክንያትም ይሸከማል። «ኤንድ» ግን ያንን ያህል አይሸከምም። «አይ አም ታየርድ, ኤንድ አይ ዊል ስሊፕ» ቢባል ስህተት የለውም፣ ምክንያትና ውጤቱ ግን ደብዝዟል። «ሶ» ይሻላል።

«ኖር»፣ «ፎር» እና «ኦር»

«አያጨስም፣ አይጠጣምም» ስንል ሁለቱንም ግስ እናፈርሳለን። ስለዚህ ተማሪው «ሂ ደዝ ኖት ስሞክ, ኖር ሂ ደዝ ኖት ድሪንክ» ይላል። «ኖር» ራሱ አፍራሽ ስለሆነ ሁለተኛ «ኖት» አይፈልግም። በዚያ ላይ ረዳት ግሱን ከባለቤቱ ፊት ያመጣዋል፣ እንደ ጥያቄ፦ «ሂ ደዝ ኖት ስሞክ, ኖር ደዝ ሂ ድሪንክ»።

«ፎር» በ«ምክንያቱም» ቦታ ሲገባ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይመራል፤ መጀመሪያ ላይ አይገባም። የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ «ቢኮዝ» ይበቃል።

«ኦር» ደግሞ «አለበለዚያ»ም ይሆናል። «ሃሪ አፕ, ኦር ዊ ዊል ሚስ ዘ ባስ» ማለት ፍጠን፣ አለበለዚያ ባሱ ያመልጠናል ነው። «ሃሪ አፕ» ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ትእዛዝ ስለሆነ ግን «ዩ» የሚለው ባለቤት ተደብቆ አለ።

«ሶ»ን ከ«ሶ ዛት» ጋር ማምታታት

«አይ ስተዲድ ሃርድ, ሶ አይ ፓስድ» ማለት ጠንክሬ አጠናሁ፣ ስለዚህ አለፍኩ ነው። ማለፉ ተከናውኗል። «አይ ስተዲድ ሃርድ ሶ ዛት አይ ኩድ ፓስ» ግን ለማለፍ ብዬ ጠንክሬ አጠናሁ ነው። ዓላማውን ነገረን እንጂ ማለፉን አልነገረንም። የፊተኛው ኮማ አለው፣ ኮምፓውንድም ነው። የኋለኛው ኮማ የለውም፣ ኮምፕሌክስ ነው። አማርኛው «ስለዚህ» ከሆነ «ሶ» በሉ፤ «እንዲ» ወይም «ለመ» ካለበት «ሶ ዛት»።

ያገኙትን ሁሉ ማያያዝ

ማያያዝ የለመደ ተማሪ ማቆም ያቅተዋል። አንቀጹ ሙሉ «ኤንድ» እና «በት» ይሆናል፤ አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክም ባዮሎጂም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ይህ ልማድ ወደ ሌላውም ትምህርት መልስ ይገባል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስተኛ አያያዥ ልትጨምሩ ስትሉ ፉል ስቶፕ አድርጉ። «ዘ ባስ ዋዝ ሌት, ሶ ዊ ዎክድ. ኢት ዋዝ ፋር.» አሁን ይህ ሁለተኛው አጭር ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው ጋር መያያዝ አያስፈልገውም፤ እንዳለ ተዉት።