ለኤአይ ረዳት ደጋግሞ የሚያገለግል የክህሎት ፋይል እንዴት ይደራጃል?

በድሬዳዋ በትራንዚት ሥራ የተሰማራ ሰው በአንድ ዶሴ ውስጥ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችን ያገኛል፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል የመጣው የዕቃ ሰነድ በፈረንጅ፣ የአገር ውስጡ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል። ቀን የማዛመዱን ሥራ ለኤአይ ረዳት በየዕለቱ እንደ አዲስ ከማስረዳት፣ ክሎድ የተባለውን ኤአይ የሠራው አንትሮፒክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 «ስኪል» (ክህሎት) ብሎ ባስተዋወቀው አሠራር አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥ እጅግ የተሻለ ነው።

በመጀመሪያ ለሥራው አንድ ፎልደር ይክፈቱና ዋናውን የማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ጽሑፍ) ፋይል «SKILL.md» በሚል ስም፣ «SKILL»ን በላቲን ትልልቅ ፊደላት ጽፈው ያስቀምጡበት። ስክሪፕቶች፣ ማለትም ረዳቱ የሚያስኬዳቸው አጫጭር ፕሮግራሞች፣ በንዑስ ፎልደር ይግቡ።

ቀጥሎ በፋይሉ አናት፣ ሦስት ሦስት ሰረዝ ባላቸው ሁለት መስመሮች መካከል ሜታዳታው፣ ማለትም የክህሎቱ ስምና መግለጫ፣ ይጻፋል። ስሙ ከ64 ሆሄያት ሳይበልጥ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ይዋቀራል። መግለጫው እስከ 1024 ሆሄያት ሊደርስ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እርሱ ነው። ረዳቱ ሥራ ሲጀምር የሚያየው የየፋይሉን ስምና መግለጫ ብቻ ሲሆን ዝርዝሩን የሚከፍተው ጥያቄው ከመግለጫው ጋር ሲገጥምለት ነው። ስለዚህ «ቀን ይለውጣል» ብሎ መተው ረዳቱ ፋይሉን ከነአካቴው እንዳይከፍተው ሊያደርግ ይችላል። ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ሠራተኞቹ በሚናገሩበት ቃል ይጻፉ፦ «የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁንም ወደ ኢትዮጵያ ይለውጣል፤ ዲክላራሲዮን ሲቀርብ ወይም ‹በፈረንጅ ስንት ነው› ተብሎ ሲጠየቅ ያገለግላል።»

ስሌቱን ለረዳቱ ግምት ሳይተዉ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ስክሪፕት ያዘጋጁለት። «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር ይበቃል» የሚለውን አቋራጭ አልመክርም፤ ዕለቱን አይነግርምና። በ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀናት ስለነበሯት መስከረም 1 ቀን 2016 በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱንም ከነመልሳቸው በምሳሌነት ያስፍሩ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ ስክሪፕቱ ይህን ሲቀበል ስህተት መሆኑን መናገር አለበት። በምሳሌዎቹ ውስጥ የደንበኛ ስም ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ፈጽሞ አይግባ።

ዋናው ፋይል ከ500 መስመር በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የተረፈው ወደ ሌላ ፋይል ይዛወር።

በመጨረሻ አዲስ ውይይት ከፍተው የፋይሉን ስም ሳይጠሩ፣ አንድ የቢሮ ባልደረባ እንደሚጠይቀው ይጠይቁ። ረዳቱ ፋይሉን ካልከፈተው ስክሪፕቱን አይነካኩ፤ የሚታረመው መግለጫው ነው።