ከትሬድሚል ወደ አስፋልት፦ በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂሙ ይሞላል። ዝናቡና ጭቃው ሯጩን ሁሉ ወደ ትሬድሚል፣ ማለትም ወደ መሮጫ ማሽን ያስገባዋል፤ እሰየው ነው። ግን መስከረም ጠብቶ አስፋልት ላይ ስንወጣ ባቴን፣ ጉልበቴን የሚል ሰልጣኝ አላጣም። ስለዚህ እባካችሁ እነዚህን ልብ በሏቸው።

መደገፊያውን መያዝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ዳገቱን 10 ላይ ያደርጉና ፊት ለፊት ያለውን ብረት ጨምድደው ወደ ኋላ ይንጋለላሉ። ሰውነት ከማሽኑ ጋር አብሮ ካጋደለ ዳገቱ ምን ዋጋ አለው? ክብደቱን እኮ እጅ ተሸከመው። ስክሪኑ ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ካሎሪውን የሚያሰላው መደገፊያውን እንዳልያዛችሁ ቆጥሮ ነው። በቀደም አንዱን ጎበዝ ሰልጣኜን “እስቲ እጅህን ልቀቅ” አልኩት። ሲለቅ ተንገዳገደ፣ ትንፋሹም ወዲያው ተቆራረጠ። ዳገቱን ወደ 4 አወረድንለት፣ ፍጥነቱንም ቀነስን። ክንዱ ከእግሩ ጋር መወዛወዝ ሲጀምር አሯሯጡ ተስተካከለ። ሳትይዙ መሮጥ ካቃታችሁ ቀንሱት፣ ሌላ መፍትሄ የለውም።

የማሽኑን ፍጥነት እንዳለ መንገድ ላይ መሞከር። “ማሽን ላይ መሮጥ የሚቀለው የሚዞረው ላስቲክ እግርን ስለሚጎትት ነው” ይባላል፤ ልክ አይደለም። አንዱ ልዩነት ንፋስ ነው፦ ማሽን ላይ ከፊት የሚገጥማችሁ አየር የለም። በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ ዳገቱን 1 በመቶ ማድረግ ያካክሰዋል። ቀስ ብላችሁ የምትሮጡ ግን አትጨነቁበት፣ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም።

የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው። አብዛኛው ማሽን ዳገት እንጂ ቁልቁለት የለውም። ቁልቁል ስትሮጡ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችሁን የሚይዘው፣ ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ይህን ስራ አልሰራም። የእኛ አገር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኮብልስቶኑና ኮረቱ ተጨምሮበት ቁርጭምጭሚት ፋታ አያገኝም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠር ያለ፣ ዘገም ያለ ሩጫ፣ ከተቻለ አፈር ላይ ሩጡ። የቀረውን ማሽን ላይ ጨርሱት። ለሳምንት ተጣድፎ ወር ሙሉ የተኛ ሰው ሳይ በጣም ነው የማዝነው።

ሙቀቱን መናቅ። ባሕር ዳር ያላችሁ በተለይ ስሙኝ። ማሽን ላይ ከቦታችሁ ስለማትንቀሳቀሱ ላብ የሚያደርቅ ንፋስ አይነካችሁም። መስኮት አስከፍቱ፣ ውሃ አጠገባችሁ ይሁን።

እግርን ወይም ስክሪኑን እያዩ መሮጥ። ቀና በሉ።

ከማሽኑ ጋር በገመድ የተያያዘውን ክሊፕ ልብስ ላይ አለመሰካት። ብትወድቁ ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን አያድናችሁም፦ ላስቲኩ ይቆማል፣ እናንተ ወደ ፊት ትቀጥላላችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ለጀማሪ ፈጣን ሩጫ የማልሰጠው ለዚህ ነው። ስትጀምሩም ግራና ቀኝ ያለውን መቆሚያ ረግጣችሁ ጠብቁና፣ ላስቲኩ ቀስ ብሎ መዞር ሲጀምር ግቡ።